ፈተናው ሲከፈት የማይወድቀው የትኛው ነው? ስለ ኦፕን ሶርስ ኤልኤምኤሶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበር ላፕቶፓችሁን ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፦ እንደምን ዋላችሁ? ጥሪውን አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ኦፕን ሶርስ የሆኑ የመማር ማስተማር ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ንጽጽር» ይላል። አፍ ያደክማል። ሁላችሁም «ኤልኤምኤስ» ነው የምትሉት፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

እንዲህ ያለ ርዕስ ሲሰጥ የተለመደ አቀራረብ አለ። ሰንጠረዥ ይሠራል። ከላይ የሶፍትዌሮቹ ስም፣ በግራ በኩል የሚሰጡት አገልግሎት ይደረደራል፤ ከዚያ በየሳጥኑ የራይት ምልክት ይደረጋል። ፎረም አለው? ራይት። ፈተና አለው? ራይት። የውጤት መዝገብ አለው? ራይት። የሞባይል አፕ አለው? ራይት። ሲያልቅ ሁሉም ራይት በራይት ይሆንና ኮሚቴው ውበቱ ደስ ያለውን ይመርጣል። አልሆነም ትላላችሁ?

ሰንጠረዡ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ፈተናው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲከፈትና 400 ተማሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ጀምር» የሚለውን ሲጫን የትኛው ክፍል ቀድሞ ይወድቃል? ማንስ ያነሣዋል? እኔ ኤልኤምኤስ የማወዳድረው በዚህች ጥያቄ ነው። ዛሬ አራት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ፦ «ነጻ» የሚለው ቃል፣ ሶፍትዌሮቹ አንድ በአንድ፣ የፈተናው ሰዓት፣ በመጨረሻ ደግሞ ባክአፕና መውጫው። ሦስተኛው ላይ ቆይተን እናወራለን፤ የመጀመሪያውን ቶሎ እናልፈዋለን።

አንደኛ፦ «ነጻ»።

ጉግል ክላስሩም ለትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ኦፕን ሶርስ ግን አይደለም። ኮዱን አታዩትም፣ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አትጭኑትም፣ ነገ ደንቡ ቢቀየር የምትይዙት ነገር የለም። ኦፕን ሶርስ ስንል ኮዱን ማየት፣ መለወጥ፣ በፈለጋችሁት ማሽን ላይ መጫንና መልሶ ማከፋፈል የሚፈቅድ ላይሰንስ ያለው ማለታችን ነው። ገንዘቡማ በሌላ በር ይወጣል፤ ለሰርቨር፣ ለኢንተርኔት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሚጠብቀው ሰው።

ላይሰንሶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ዛሬ ከምናያቸው ኤልኤምኤሶች ሙድል፣ ኢሊያስና ቻሚሎ ጂፒኤል በሚባል ላይሰንስ ይወጣሉ። ካንቫስና ኦፕን ኤድኤክስ በኤጂፒኤል። ያቺ አንዲት «ኤ» ምን ታመጣለች? በጂፒኤል የወጣውን ሶፍትዌር አሻሽላችሁ በራሳችሁ ሰርቨር ብትጠቀሙበት ማሻሻያውን የማሳየት ግዴታ የለባችሁም፤ ግዴታው የሚመጣው ሶፍትዌሩን ለሌላ ስታስተላልፉ ነው። በኤጂፒኤል ግን በኔትወርክ ለሚጠቀምበት ሰው ሁሉ የለወጣችሁትን ኮድ ማቅረብ አለባችሁ። ስለዚህ ፕሮግራመራችሁ የዳታቤዝ ፓስወርድ ኮዱ መሐል የመጻፍ ልማድ ካለው አሁኑኑ ይተው። ሳካይና ኮሊብሪ ላላ ያለ ላይሰንስ ነው ያላቸው፤ በዚህ በኩል ራስ ምታት የለም።

ሁለተኛ፦ ሶፍትዌሮቹ።

ከሙድል እንጀምር። ማርቲን ዱጂያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረው ሲሆን 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል፣ ማሪያዲቢ ወይም ፖስትግሬስኪውኤል ሊሆን ይችላል። ይህ ለምን ይጠቅመናል? ድረ ገጽ ሲያስተናግድ የኖረ ማንኛውም ቴክኒሻን እነዚህን ያውቃቸዋል። ዛሬ የሚጠብቀው ልጅ ሥራ ቢለቅ ነገ ሌላ ሰው ታገኛላችሁ። በእኔ ሚዛን የሙድል ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ ፕለጊኑ፣ ማለትም ከውጭ የሚጨመረው ተቀጥላ ፕሮግራም አይደለም፣ ፎረሙም አይደለም።

እንከኑስ? የቅንብር ብዛት ነው። አንድ ፈተና ለመክፈት መምህሩ የሚያየው ገጽ ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሎ አያልቅም። መምህሩ ግማሹን ሳይነካ ያልፋል፤ ሳይነካ ካለፈው ውስጥ ደግሞ አንዱ በፈተናው ቀን ይነክሰዋል። የትኛው እንደሆነ ሦስተኛው ነጥብ ላይ አሳያችኋለሁ።

ሁለተኛው እንከን ፕለጊን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ፕለጊኖች አሉ። ብዙዎቹን የሚጠብቃቸው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሲሰለቸው ፕለጊኑ አዲሱን የሙድል ስሪት ሳይደግፍ ይቀራል፤ እናንተም በእሱ ምክንያት አሮጌው ላይ ትታሰራላችሁ። 20 ፕለጊን የጫነ ተቋም 20 አለቃ ቀጥሯል ማለት ነው። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ከመጫናችሁ በፊት መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ ተመልከቱ።

ስለ ስሪት ካነሣን፦ ሙድል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር አካባቢ አዲስ ስሪት ያወጣል። መደበኛው ስሪት የደኅንነት ማስተካከያ የሚያገኘው ለ18 ወር ያህል ብቻ ነው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ግን ሦስት ዓመት ይሄዳሉ፤ በኦክቶበር 2024 የወጣው 4.5 እስከ ኦክቶበር 2027 ይጠበቃል። በየስድስት ወሩ ለማደስ ጊዜ የሌለው ተቋም ከእነዚህ ውጭ መጫን የለበትም።

«እኛ ገና 3.5 ላይ ነን» የምትሉ አላችሁ? አያሳፍርም፤ ብዙ ነው። በአንድ ዝላይ 4.5 መድረስ ግን አይቻልም። መንገዱ ይህ ነው፤ ጻፉት። ከ3.5 ወደ 3.9፣ ከ3.9 ወደ 4.1፣ ከ4.1 ወደ 4.5። 4.1 ስትሉ ቢያንስ 4.1.2 ይሁን። ፒኤችፒውም አብሮ ይሄዳል፦ 3.9 እና 4.1 በ7.4 ይሠራሉ፤ 4.1 እና 4.5 ደግሞ በ8.1 ይሠራሉ። ስለዚህ ፒኤችፒውን ወደ 8.1 የምትቀይሩት 4.1 ላይ ቆማችሁ ነው። ቀድማችሁ ከቀየራችሁ አሮጌው ሙድል ነጭ ገጽ ያሳያችኋል፤ ዘግይታችሁ ከሆነ አዲሱ «አልጫንም» ይላችኋል። ሌላም አለ፤ በፒኤችፒ ቅንብር ውስጥ «ማክስ ኢንፑት ቫርስ» የምትባል መስመር አለች። ሲጫን 1000 ናት፤ ሙድል በፒኤችፒ 8 ላይ ቢያንስ 5000 ይጠይቃል። ምክንያት አለው። ትልቅ ቅጽ፣ ለምሳሌ የብዙ ተማሪ ውጤት የሞላበት ገጽ፣ ሲላክ ከቁጥሩ ያለፈው መረጃ ተቆርጦ ይቀራል።

ወደ ካንቫስ። ባለቤቱ ኢንስትራክቸር የሚባል ኩባንያ ነው፤ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፕን ሶርስ ሆነ። መምህራን ይወዱታል፤ እውነቱን ለመናገር ከሙድል ይልቅ ለዓይን ያርፋል፣ ውጤት መስጫውም ፈጣን ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዱ፣ ማሳያ ላይ ያያችሁት ካንቫስና በራሳችሁ ሰርቨር የምትጭኑት ካንቫስ አንድ አይደሉም። «ኒው ኩዊዝስ» የሚባለው አዲሱ የፈተና ሞተር በኦፕን ሶርሱ ውስጥ የለም። ተማሪው ባስገባው ሰነድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንደሚታረም አስተያየት የሚጻፍበት «ዶክቪውየር»ም የለም። ኮሚቴው እነዚህን አይቶ ወዶ ከመረጠ በኋላ የት ሄዱ ቢል መልስ የለም።

ሁለተኛው፣ የተሠራው ሩቢ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሩቢ ኦን ሬልስ ነው፤ ከሥሩ ፖስትግሬስኪውኤልና ጊዜያዊ መረጃ የሚይዘው ሬዲስ አለ፤ ከኋላ ሥራ የሚያከናውን ሂደትም ለብቻው መነሣት አለበት። ያ የኋላ ሂደት ከቆመ ገጹ ይከፈታል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ማሳወቂያ ግን አይሄድም፣ ያስገባችሁት ኮርስም «በሂደት ላይ» እንዳለ ይቀራል። የጽሑፍ ማዘጋጃው ሳጥን እንኳ ፋይል ለመቀበል የራሱ የሆነ ሌላ ሰርቪስ ይፈልጋል። በሩቢ የሚሠራ ሰው በእጃችሁ ከሌለ እኔ አትጫኑት እላለሁ። በሌላ ጉባኤ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

ኦፕን ኤድኤክስ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤድኤክስን አቋቋሙ፤ በ2013 ኮዱን ለቀቁት። ከመነሻው የታሰበው ለአሥር ሺዎች ነው፦ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮው ሥር ጥያቄ፣ ቀጥሎ ቪዲዮ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት። ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። የእናንተ ትምህርት ይህን ከመሰለ የሚወዳደረው የለም። 40 ተማሪ ያለው፣ ቡድን እየተከፋፈለ የሚሠራ፣ መምህሩ በየሳምንቱ ድርሰት የሚያርምበት ክፍል ከሆነ ግን ጫማው አይገጥምም።

የሚጫነው በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ ነው፤ «ቱተር» የሚባለው መሣሪያ ከ2021 ጀምሮ ይፋው የመጫኛ መንገድ ሆኗል። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ የሚመከረው 8 ነው። ዲስክ ቢያንስ 8 ጊጋባይት፣ የሚመከረው 25። ይህ ተማሪ ሳይገባበት ነው። በማይኤስኪውኤል ላይ ሞንጎዲቢ የሚባል ሌላ ዳታቤዝ ተጨምሮ፣ ሬዲስ፣ የፍለጋ ሞተር፤ በአንድ ማሽን ላይ ትንሽ መንደር ነው የሚመሠረተው። መምህራንን የሚያሳስተው ደግሞ የማዘጋጃው ክፍል ስቱዲዮ ከተማሪው ገጽ የተለየ መሆኑ ነው። መምህሩ ጥያቄውን ያርማል፣ ይዘጋል፣ ተማሪው አሁንም ስህተቱን ያያል። ለምን? «ፐብሊሽ» አልተጫነማ! ተማሪው የሚያየው የታተመውን እንጂ የታረመውን ረቂቅ አይደለም።

የቀሩትን ፈጠን ብዬ ላልፍ። ሳካይን ሚሺጋን፣ ኢንዲያና፣ ስታንፎርድና ኤምአይቲ ናቸው የጀመሩት፤ በጃቫ ተጽፎ ቶምካት በሚባል የጃቫ ሰርቨር ላይ ይሠራል። የጃቫ ሰዎች ላሉት የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢሊያስ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል በጥቃቅን ደረጃ ለመወሰን ይመቻል። አንድ ነገር ላይ ሙድልን ይበልጠዋል፦ ስኮርም 2004። በዚህ መለኪያ የተሠራ የኮርስ ፓኬጅ የገዛችሁ ካላችሁ አስተውሉ፤ ሙድል በትክክል የሚደግፈው ስኮርም 1.2ን ነው፣ 2004ን አይደለም። ፓኬጁ ሊከፈት ይችላል፤ ተማሪው የት እንደደረሰና ስንት እንዳመጣ መመዝገቡ ላይ ግን ይሰናከላል። ሻጩን «በ1.2 ላኩልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ቻሚሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ዶኬዎስ ከሚባል ሌላ ኤልኤምኤስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ቀላል ነው፣ መምህር ቶሎ ይለምደዋል፣ ለትንሽ ተቋም ይበቃል።

ኮሊብሪን ግን በአጭሩ አላልፈውም። ምክንያቱም ሌሎቹ ሁሉ ኢንተርኔት አለ ብለው ነው የሚነሡት፤ ኮሊብሪ የለም ብሎ ይነሣል። አንድ ማሽን፣ ራስበሪ ፓይ የሚሏት ትንሿ ኮምፒውተር እንኳ ልትሆን ትችላለች፣ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። ይዘቱ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ወርዶ በፍላሽ ይመጣል። ተማሪዎቹ በዋይፋይ ከዚያች ማሽን ጋር ይገናኛሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ምንም ነገር የለም። ማሽኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ የተማሪዎቹን ውጤት ወደ ማዕከል ያመሳስላል። የማይሠራውንም ልንገራችሁ፦ ተማሪ ድርሰት ጽፎ የሚያስገባበት፣ መምህር የሚያርምበት ቦታ የለውም። ቪዲዮና መልመጃ ነው። እና ትንሿ ማሽን ላይ ከጫናችሁት መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚሞተው ኤስዲ ካርዱ ነው። ባትሪ ያለው ማቆያ ግዙለት፤ የተዘጋጀ ሁለተኛ ካርድም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

«ሙድልም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» የሚል ሰው ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው። የሙድል አፕ ኮርሱን አውርዶ ያስነብባል። ፈተናም ከመስመር ውጭ ሊሠራ ይችላል፤ ግን የጊዜ ገደብ የተደረገበት ፈተና አይሆንም። ስለዚህ መልመጃ አዎ፣ የማጠቃለያ ፈተና የለም።

ሦስተኛ፦ የፈተናው ሰዓት። እዚህ ጋር ቡና ያልጠጣችሁ ንቁ።

አንድ ማሽን አስቡ፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ሙድል የተጫነበት። የሙድል ሰነዶች የሚሰጡት ግርድፍ ስሌት በ1 ጊጋባይት ራም በተመሳሳይ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ተጠቃሚ ነው። 8 ጊጋባይት ማለት እንግዲህ ከ80 እስከ 160 ሰው። የእናንተ ተማሪ 400 ነው። ገና ሳንጀምር ተሸነፍን።

በምን መልኩ እንደሚወድቅ እንየው። እያንዳንዱ የተማሪ ጥያቄ አንድ የፒኤችፒ ሂደት ይይዛል። አንዱ ሂደት 100 ሜጋባይት ይወስዳል እንበል። ከ8 ጊጋባይቱ 3ቱን ለዳታቤዙና ለራሱ ለማሽኑ ብንተው 5 ጊጋባይት ይቀራል፤ ያ 50 ሂደት ነው። ቅንብሩ ላይ 50 ብላችሁ ብትወስኑ 51ኛው ተማሪ ይሰለፋል፤ ገጹ ዘገየ ብሎ ያማርራል፣ ይደርሰዋል። ታዲያ ተማሪ ሲያማርር ቴክኒሻኑ ደንግጦ 50ውን 200 ያደርገዋል። ምን ይሆናል? ራሙ ያልቃል፣ ማሽኑ ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምራል፣ ዳታቤዙ ይታነቃል፣ አሁን የሚዘገየው አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሁሉም ሰው 502 የሚል የስህተት ገጽ ያያል። ሂደቱ ሲያንስ ተማሪ ይሰለፋል፤ ሲበዛ ማሽኑ ራሱ ይወድቃል። ሰልፉ ይሻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትልቅ ሰርቨር መግዛት አንዱ መንገድ ነው። ሳይገዙም የሚደረግ ብዙ አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ቅጽበት መግቢያውና «ጀምር» የሚጫንበት ነው። ተማሪዎቹ 15 ደቂቃ ቀድመው ገብተው ይጠብቁ። ከዚያ 400ውን በአራት ግሩፕ ክፈሏቸው፤ በፈተናው ውስጥ «ግሩፕ ኦቨርራይድ» የሚል አለ፣ ለእያንዳንዱ ግሩፕ የተለየ መክፈቻ ሰዓት ስጡት። አንዱ 3፡00፣ ሌላው 3፡10፣ ሌላው 3፡20፣ የመጨረሻው 3፡30። መዝጊያውንም በዚያው ልክ መግፋት እንዳትረሱ፤ አለዚያ የመጨረሻው ግሩፕ 30 ደቂቃ ተሰረቀ።

ቀጥሎ ሥዕሎቹ። መምህሩ ጥያቄው ላይ በስልኩ ያነሣውን 3 ሜጋባይት ፎቶ ለጠፈ። 3 ሲባዛ በ400 ተማሪ 1200 ሜጋባይት ነው። ያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይውጣ ከተባለ በሰከንድ 160 ሜጋቢት መስመር ይጠይቃል። ለአንድ ፎቶ! ያው ፎቶ ወደ 100 ኪሎባይት ቢቀነስ ለተማሪው ዓይን ልዩነት የለውም፤ የሚያስፈልገው መስመር ግን በሰከንድ ወደ 5.3 ሜጋቢት ይወርዳል። ከሰርቨር ግዢ በፊት ፎቶ መቀነስ ይቅደም።

ሦስተኛው የቀጥታ ቪዲዮ ነው። ቢግብሉበተን ከሙድል 4.0 ጀምሮ አብሮ ይመጣል ሲባል አንዳንዱ ሰርቨሩም አብሮ የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ማገናኛው ነው። ቢግብሉበተን ራሱ ለእውነተኛ ሥራ 16 ጊጋባይት ራምና 8 ኮር ያለው የራሱ ማሽን ይፈልጋል። ሙድል ካለበት ማሽን ላይ አብራችሁ ከጫናችሁት አንዱ ክፍል በቪዲዮ ሲማር ሌላው ክፍል ከፈተናው ይወረወራል።

አሁን ቅድም ቃል የገባሁላችሁ፣ መምህሩ ሳይነካ ያለፈው ቅንብር። በፈተናው ገጽ ላይ «ጊዜው ሲያልቅ» የሚል አለ፤ ሦስት ምርጫ ይዟል። በአንደኛው የተጀመረው ሙከራ በራሱ ይገባል። በሁለተኛው የችሮታ ጊዜ ይሰጣል፤ ተማሪው በዚያ ጊዜ ማስገባት እንጂ መመለስ አይችልም። በሦስተኛው ግን ጊዜው ከማለቁ በፊት ራሱ ተማሪው ካላስገባ ሙከራው አይቆጠርም። ሦስተኛው ተመርጦ ከነበረና ተማሪው 38 ጥያቄ መልሶ መጨረሻው ደቂቃ ላይ መስመሩ ከተቋረጠበት ምን ያገኛል? ምንም። መልሶቹ በየደቂቃው በራሳቸው ሲቀመጡ ነበር፣ ዳታቤዙ ውስጥ አሉ፤ ውጤቱ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ይመረጥ።

የመጀመሪያውም ቢሆን የሚተማመንበት ነገር አለው፤ ክሮን። ተማሪው ብራውዘሩን ዘግቶ ከሄደ ወይም መብራት ከጠፋበት ሙከራውን የሚዘጋለት በሰርቨሩ ላይ ከኋላ የሚሠራው ክሮን ነው። በየደቂቃው መሮጥ አለበት። ክሮኑ ከቆመ መምህሩ በማግስቱ ገብቶ 60 ሙከራ «በመካሄድ ላይ» ሆኖ ያገኛል፣ ፈተናው ትናንት ተዘግቶ ሳለ። የፎረም ኢሜይልም አይሄድም፣ የታቀደው ባክአፕም አይሠራም። ክሮን የቆመበት ሙድል ማንም ሳያውቅ ለሳምንታት ሊሄድ ይችላል፤ አድሚኑ የማሳወቂያ ገጹን ካላየ። በፈተና ሳምንት በየጠዋቱ ይታይ።

በዚሁ ስለ ፈተና እያወራን በፊደላችን የሚያጋጥም አንድ ነገር ልጨምር። አጭር መልስ የሚጻፍበት ጥያቄ ላይ መምህሩ ትክክለኛው መልስ «ፀሐይ» ነው ብሎ አስገባ። ተማሪው «ጸሐይ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ፀሀይ»። ለማሽኑ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱ ዜሮ ያገኛሉ። ሞክሼ ፊደል ያለበትን ቃል ስትጠይቁ ሁሉንም አጻጻፍ በትክክለኛ መልስነት መዝግቡ፣ ወይም ጥያቄውን ወደ ምርጫ ቀይሩት። ይህ ከየትኛው ኤልኤምኤስ ጋርም ያው ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን በየሳምንቱ የሚጠየቅ፦ «ፋይሉ ትልቅ ነው ይለኛል፣ አድሚኑ ግን ገደቡን 50 ሜጋባይት አድርጌዋለሁ ይላል።» ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ፋይሉ ሦስት በር ያልፋል። ገጾቹን ለብራውዘር የሚያቀርበው ሶፍትዌር ኤንጂንኤክስ ከሆነ ሲጫን የሚያሳልፈው 1 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ፒኤችፒ፤ ሲጫን ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው ቅጽ 8 ሜጋባይት ይላል። ሙድል ሦስተኛው በር ነው። አድሚኑ የከፈተው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ዝግ ናቸው።

አራተኛና የመጨረሻው፦ ባክአፕና መውጫ።

እጃችሁን አውጡልኝ፤ ባክአፕ ያላችሁ? ጥሩ ነው። ከባክአፑ መልሳችሁ ሠርቶ ያያችሁ? ... አያችሁ፣ እጁ ወረደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ለዚህ ቀን ነው የተባለው።

ሙድል ሦስት አካል አለው። ዳታቤዙ፣ «ሙድልዳታ» የሚባለው ፎልደር፣ እና ኮዱ ከነቅንብር ፋይሉና ከነፕለጊኖቹ። ብዙው ሰው ዳታቤዙን ብቻ ያስቀምጣል፤ ዋናው እሱ ይመስላልና። ዳታቤዙን ብቻ ስትመልሱ የኮርሱ ስም አለ፣ የተማሪው ስም አለ፣ ውጤቱ አለ፤ መምህሩ የጫነው ፒዲኤፍ ሲከፈት ግን ፋይሉ የለም። ፋይሎቹ ያሉት በሙድልዳታ ውስጥ ነው፤ ያውም በስማቸው አይደለም፤ ከይዘታቸው በተሰላ ረጅም ኮድ ተሰይመው ነው የሚቀመጡት። የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚያውቀው ዳታቤዙ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። በነገራችን ላይ በዚህ አሠራር ምክንያት አንድ ዓይነት ፋይል 10 መምህር ቢጭነው ዲስኩ ላይ አንዴ ብቻ ነው የሚቀመጠው።

ቅደም ተከተሉም አለው። መጀመሪያ ዳታቤዙ፣ ቀጥሎ ሙድልዳታ። ለምን? በመሐል አንድ ተማሪ ፋይል ቢያስገባ ትርፍ ፋይል ይኖራችኋል፤ ጉዳት የለውም። ከተገላበጠ ዳታቤዙ «አለ» የሚለው ፋይል ባክአፑ ውስጥ አይኖርም። ባክአፑ ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ከተቀመጠ ባክአፕ አይባልም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሰዓቱም ፈተና በሌለበት ሌሊት ይሁን።

መውጫውስ? ዛሬ የመረጣችሁትን ከአምስት ዓመት በኋላ ልትተዉት ትችላላችሁ። ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ሙድል ኮርሱን በራሱ ፓኬጅ ያወጣል፤ ከአሮጌ ስሪት ወደ አዲስ ይሄዳል፣ ከአዲስ ወደ አሮጌ ግን አትመኑት። ካንቫስ ኮመን ካርትሪጅ በሚባል የጋራ የኮርስ ፓኬጅ መለኪያ ያወጣል። ኦፕን ኤድኤክስ የራሱ ኦኤልኤክስ አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ ጽሑፉ፣ ፋይሉና አብዛኛው የምርጫ ጥያቄ ይሻገራል። የማይሻገረው የተማሪው ታሪክ ነው፦ ሙከራው፣ የፎረም ክርክሩ፣ መምህሩ የጻፈለት አስተያየት። ስለዚህ በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የውጤት መዝገቡን በሲኤስቪ፣ ማለትም በተራ የሰንጠረዥ ፋይል አውጥታችሁ ከሥርዓቱ ውጭ አስቀምጡ። የጥያቄ ባንኩን ደግሞ በሙድል ኤክስኤምኤል አውጡት፤ መምህራን ለዓመታት የለፉበት እሱ ነው።

«ያ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ካንቫስ ነው የሚጠቀመው፣ እኛስ?» የሚል ጥያቄ ከአሁኑ ይታየኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ልበልና ልለፈው። ለመወሰን ከፈለጋችሁ ግን አንድ ኮርስ፣ ሦስት መምህር፣ 30 ተማሪ፣ አራት ሳምንት። በአራተኛው ሳምንት አንድ የጊዜ ገደብ ያለው ፈተና ይሰጥ፤ በመሐሉ አንዱ የሰርቨሩን መስመር ለሁለት ደቂቃ ይንቀለው። ማን ምን እንደጠፋበት መዝግቡ። በማግስቱ የሚጠብቀው ቴክኒሻን ከባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ ይመልሰው፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጻፉ። ይህን በሁለት ሶፍትዌር ብታደርጉት ሰንጠረዡ አያስፈልጋችሁም።

ለጥያቄ ጊዜ ትቻለሁ። እስከዚያው መብራቱን ቀነስ አድርጉልኝና በዚህ ባዶ ማሽን ላይ አንድ የሙድል ባክአፕ አብረን እንመልስ። መጀመሪያ ሆን ብዬ ያለ ሙድልዳታ ነው የማስነሣው፤ ፒዲኤፉን ስንከፍት የሚመጣውን መልእክት እዩት።